ስለ ባለሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባለሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ስለሚያቋርጡ ሰዎች ሲወራ ሁለት ሥዕሎች በዓይነ ኅሊና ይመጣሉ። በአንደኛው ጀልባዋን ቤት የሚያህል ሞገድ ሊውጣት ነው፤ በሌላኛው ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ቀኑ ያለ ሥራ ይመሻል። የመጀመሪያው ሥዕል መሄድ የሚችለውን ሰው ያስቀረዋል፣ ሁለተኛው ያልተዘጋጀውን ያስነሣዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

«ትልቁ አደጋ በመሐል ውቅያኖስ የሚገጥም አውሎ ነፋስ ነው»

አውሎ ነፋስ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ረጅም ጉዞ የሚሄዱ ሰዎች ወቅት አይተው ነው የሚነሡት። የአትላንቲክ ውቅያኖስ የሃሪኬን፣ ማለትም የኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ፣ ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ማዶ ካሉት የካናሪ ደሴቶች ተነሥተው አትላንቲክን በማቋረጥ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚያቀኑ ብዙ ጀልባዎች ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል ወይም ከዚያ በኋላ ይወጣሉ። በጥልቅ ውኃ ላይ ሞገድ ከፍ ቢልም አብዛኛውን ጊዜ ረጅምና ዝግ ያለ ነው፤ ጀልባዋን አንሥቶ መልሶ ያወርዳታል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ከጀልባ መውደቅ። እርሱ አውሎ ነፋስ አይጠብቅም። ሌሊት ነው፣ ባልደረባው ተኝቷል፣ ተረኛው የተያዘ ገመድ ሊያላቅቅ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግሩን ያዳልጠዋል። በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ያህል ትርቀዋለች። በሞገድ መካከል ብቅ ጥልቅ የሚል የሰው ጭንቅላት ደግሞ በቀንም ቢሆን ከዚያ ርቀት ለማየት ያስቸግራል። ስለዚህ ተረኛ መታጠቂያውን ለብሶ፣ ከጀልባዋ ፊት እስከ ኋላ በተዘረጋው ጠንካራ ማሰሪያ ላይ ራሱን ማያያዝ አለበት። ሰማዩ ጥርት፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ሌሊትም እንዲሁ። በዚህ ነገር ድርድር የለም።

«ጀልባ ካዘነበለች ትገለበጣለች»

ባለ አንድ አካል ጀልባ፣ ማለትም ውኃው ላይ የሚያርፈው አካሏ አንድ ብቻ የሆነ፣ ከሆዷ ሥር ከባድ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት አላት፤ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቷ ሲሶ ያህል ይሆናል። ባዘነበለች ቁጥር ይህ ክብደት ወደ ቦታዋ ይስባታል። ባለ ሁለት አካሏ ካታማራን ግን ሌላ ናት፤ እምብዛም አታዘነብልም፣ ከተገለበጠች ግን ራሷን አትመልስም።

«ሲመሽ መልሕቅ ጥሎ መተኛት ነው»

የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። መልሕቅ ደግሞ በደንብ እንዲይዝ ከውኃው ጥልቀት አምስትና ስድስት እጥፍ የሚረዝም ሰንሰለት ይፈልጋል። ስለዚህ ጀልባዋ ቀንና ሌሊት ትሄዳለች፤ ሰዎቹም ይፈራረቃሉ። ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይጠብቃል፣ ሌላው ይተኛል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ፤ ለሳምንታት።

አውቶማቲክ መሪ ጀልባዋን ሊነዳት ይችላል፣ ዓይን ግን የለውም። ከአድማስ ብቅ ያለ ትልቅ መርከብ 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከጀልባዋ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብም በማንኛውም ሰዓት የሚቃኝ ሰው እንዲኖር ያዝዛል። መርከቦች ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቁበት መሣሪያ ትልቅ ረዳት ነው፤ ተንሳፋፊ ግንድ ግን ምንም አያስተላልፍም። ለእኔ የዚህ ሕይወት ከባዱ ክፍል ይኸው ተቆራርጦ የሚመጣ እንቅልፍ ነው። የደከመ ሰው ቀላል ነገር ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ካርታም አሳስቶ ያነባል።

«ነፋስ ከኋላ እየገፋ በቀጥታ ይኬዳል»

ጀልባ ወደ ነፋሱ ምንጭ በቀጥታ መሄድ አትችልም፤ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ብላ ወደ ግራና ቀኝ እየተመላለሰች ትወጣለች። ይህ አድካሚ ስለሆነ ሰዎች መንገድ ማርዘምን ይመርጣሉ። ከካናሪ የተነሡት መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ቋሚ ነፋስ ካገኙ በኋላ ነው ወደ ምዕራብ የሚዞሩት። «ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ ሂድ» የሚል የቆየ የመርከበኞች አባባልም አለ። መንገዱ 2,700 የባሕር ማይል፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

«ባሕር የሚያቅለሸልሸው ሰው አይሞክረው»

እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ላይ ውጊያ ድል ያደረገው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ኔልሰን ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ያቅለሸልሸው ነበር። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለምደዋል።

«የማያልቅ ዕረፍት ነው»

ጨው ብረትን ይበላል። ገመድ ለሳምንታት አንድ ቦታ ሲፈገፈግ ይሳሳል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ በዓይንና በእጅ ይፈተሻል። ሳህን በባሕር ውኃ ይታጠብና በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። የባሕርን ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ ያላቸው ጀልባዎችም መጠባበቂያ ውኃ ይዘው ይሄዳሉ፤ መሣሪያው ቢበላሽ ጥገናው ያለው በራሳቸው እጅ ነውና።

«የብስ ከታየ ጉዞው አለቀ»

ጥንቃቄ የሚጠነክረው ያኔ ነው። የውኃው ጥልቀት ሲቀንስ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ከፍ ይላል፣ ይሰበራልም። በውቅያኖስ መሐል የማይገኙት ድንጋይና ኮራል እዚህ አሉ፤ ሰዎቹም ድካም ላይ ናቸው። ጠንቃቃ ካፒቴን ወደማያውቀው ወደብ ሌሊት ከደረሰ ሸራውን ይቀንሳል፣ ጀልባዋን ወደ ጥልቁ ይመልሳታል፣ የደሴቱን መብራት ከሩቅ እያየም እስኪነጋ ይጠብቃል።