የስፒከር ንዝረትና መከላከያው በጎንደር ቤቶች

ንዝረት መከላከል ማለት ስፒከርን፣ ቴፕን ወይም ሸክላ ማጫወቻን ከተቀመጠበት ዕቃ ማለያየት ነው። ስፒከር ሲጫወት ፊቱ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ይርገበገባል፤ ሳጥኑም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ሳጥኑ ቡፌውን፣ ቡፌው ወለሉን ያንቀጠቅጣል። ከዚያ በኋላ የምንሰማው ዘፈኑን ከነቤቱ ዕቃ ነው።

ጎንደር ውስጥ ነገሩን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። የሚባለው «ቡፌው ይጮሃል» ወይም «ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይረብሻል» ነው። መድኃኒቱም «ከሥሩ ጎማ አድርግበት» ነው፣ አለቀ። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ እዚህ ያለው የተለቃቀመው ፒያሳ አካባቢ ካሉ ቴፕ ሠሪዎች ወሬ፣ ከቤታችን ሳሎንና ከፊዚክስ ነው።

ቀደም ሲል

ጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሥታት ከተማ ሆና፣ በአዝማሪ መሰንቆና በማኅሌት መሃል ያደገች ናት። ድምፅ መለየት ታውቅበታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሸክላው ዘመን አጭር ነበር፤ በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ሥራ ከጀመረ በኋላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትናንሽ ሸክላዎች ተበራከቱ፣ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶም ካሴት ተካቸው።

ስለ ካሴቱ ዘመን ግን የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ቴፑ ቦታው ቡፌ ላይ ነበር። ቡፌው መስታወት አለው። ከመስታወቱ ጀርባ ብርጭቆ፣ ሲኒና ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ሳህን ተደርድሯል። ቴፑ ደግሞ ዳንቴል ለብሷል። ድምፅን ለማበላሸት ታስቦ የተሠራ ዕቃ ቢኖር ከዚህ ቡፌ ብዙም አይለይም ነበር።

እኛ ቤት አባቴ ለፋሲካ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሲኒዎቹ ይንጫጩ ነበር። ሁሌም የሚጀምሩት ቤዝ ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ቦታ ሲያልፍ ዝም ይላሉ። አባቴ አራርቆ ደረደራቸው፤ አልሆነም። እናቴ በየመሃላቸው ሶፍት አጣጥፋ ከተተች፤ ለሳምንት ያህል ሠራ። በመጨረሻ አንድ ቴፕ ሠሪ ለሌላ ጉዳይ ቤት መጥቶ ይህን አየና ሳቀ። ከብስክሌት ከመነዳሪ አራት ቁራጭ ቆርጦ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ በቴፑ አራት ማዕዘን ሥር አደረገው። ሲኒዎቹ ዝም አሉ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ፣ ገንዘብም አልተቀበለ።

ሲኒዎቹ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጮሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ማንኛውም ዕቃ ሲነኩት የሚርገበገብበት የራሱ ፍጥነት አለው። ዘፈኑ እዚያ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ዕቃው ተቀብሎ ያጎላዋል።

ዳንቴሉ ላይ ቴፕ ሠሪዎቹ ምሕረት የላቸውም። ስፒከሩ ፊት ላይ ሲወርድ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽም ቢሆን ያደበዝዛል። አየር መውጫው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቴፑ ይግላል። እናቶች ግን አያነሱትም። ካሴት ሌላም ችግር አለው፤ ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ሳያዛንፍ መሄድ አለበት። ቺንጊያው ከላላ ወይም ክሩን የምትስበው ትንሽ ጎማ ከቆሸሸች ዘፋኙ ሲዋልል ይሰማል። ብዙ ሰው ይህንንም በንዝረት ያሳብባል። የሚፈልገው ግን ጥጥና አልኮል፣ ወይም አዲስ ቺንጊያ ነው።

ከዚያ ዲቪዲ ዴክ፣ ፍላሽና ብሉቱዝ ስፒከር መጡ።

አሠራሩ

ስፒከርን ጎማ ላይ ማስቀመጥ ክብደትን ስፕሪንግ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ ጥምረት ራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት አለው። ከዚያ ፍጥነት 1.4 እጥፍ ገደማ በላይ ያለው ንዝረት ወደ ታች ሲያልፍ ይቀንሳል። ከሱ በታች ያለው ምንም አይቀንስም፤ እዚያው አካባቢ ያለው እንዲያውም ይብሳል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል። ስፒከሩ ሲቀመጥበት ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ የውዝዋዜው ፍጥነት በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ነው። 4 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ 8 ይሆናል። ብዙው የቤት ስፒከር በሰከንድ ከ40 ወይም ከ50 ጊዜ በታች የሚርገበገብ ድምፅ ደህና አድርጎ ስለማያወጣ ይህ ይበቃል። ጎማ በፈጣን ንዝረት ጊዜ ጠንከር ስለሚል ግን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ ይሻላል። ጭራሽ ካልሰመጠ እንጨት እንደማድረግ ነው። ስፖንጁ እስከ መጨረሻው ከተጨፈለቀም ያው ነው።

ንዝረት ሁሉ ጠላት አይደለም። በመሰንቆ ከፈረስ ጭራው የሚነሳው ንዝረት ወደ ቆዳው ካልወረደ ድምፅ የለም። በገና ደግሞ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መሃል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ ያ የሚወደድ እርግብግብታ የሚመጣው ከሷ ነው። በዚህ ያደገ ጆሮ የቡፌውን ጩኸት ከዘፈኑ ቆጥሮ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ከሁሉም ንዝረት የሚጎዳው ሸክላ ማጫወቻ ነው። መርፌው የተሠራው ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ስለሆነ የዘፈኑን ከወለሉ አይለይም። ስፒከሩና ማጫወቻው አንድ ቡፌ ላይ ከሆኑ የስፒከሩ ቤዝ ተመልሶ መርፌው ውስጥ ይገባና ማጉረምረም ይጀምራል። ጣውላ ወለል ላይ ሰው ሲራመድም መርፌው ይዘላል። ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥ ከየትኛውም ጎማ ይበልጣል። ዘመናዊ አምፕሊፋየር ወይም ስልክ ግን ንዝረት ቢነካውም ድምፁ ላይ የሚሰማ ለውጥ የለም። ለሱ ጎማ መግዛት ብር መጣል ነው።

ዕቃዎቹ

እዚህ የሚሠራበት ከመነዳሪ፣ የአሮጌ በርባሶ ሶልና ስፖንጅ ነው። የተቆረጠ የቴኒስ ኳስም ይሞከራል። ጥሩ የሚባለው አሠራር ከታች ጎማ፣ ከላይ ከኩሽና ጠረጴዛ ሥራ የተረፈ የግራናይት ወይም የእምነበረድ ቁራጭ፣ እላዩ ላይ ስፒከሩ ነው። ድንጋዩ ክብደት ይጨምራል፣ ጎማውም እንደሚገባው ይሰምጣል። አንዴ ድንጋዩን ንቄ የፍራሽ ስፖንጅ ብቻ አደረግሁ። ስፒከሩ ቀስ እያለ ወደ ፊት አዘነበለና ሌሊት ወደቀ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ ወደ ውስጥ ገባ።

ለውጥ መኖሩን ለማየት ሲኒ ውስጥ ውሃ ቀድቶ ቡፌው ላይ ማስቀመጥ፣ ቤዝ ያለበት ዘፈን መክፈትና የውሃውን ፊት ማየት ነው። ውሃው ላይ የሚታዩት ክቦች ጎማው ከገባ በኋላ መጥፋት ወይም መቀነስ አለባቸው።

ሾጣጣ ብረት እግር ይሻላል የሚሉ አሉ። ሾጣጣው ስፒከሩን ከወለሉ ጋር ያጣብቀዋል እንጂ አይለየውም። ሆኖም ሊሾ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋልና ጥቅም የለውም ለማለት ይከብዳል። በውድ ኬብል ድምፅ ይለወጣል የሚለው ግን ወሬ ነው። ለአንድ ሳሎን ርቀት ባለ 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሽቦ በደንብ ይበቃል። መብራት ሲዋዥቅ ለአምፕሊፋየሩ ስታቢላይዘር ተገቢ ነው፤ እሱም ዕቃውን ያድናል እንጂ ዘፈኑን አያሳምርም።

ቤቶቹ

ፒያሳ ላይ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሠራቸው ሕንፃዎች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ግድግዳቸው በቀላሉ አይንቀጠቀጥም። የጭቃ ቤት ደግሞ በእኔ ጆሮ ከሁሉም ይጥማል። ግድግዳው ከባድና ሸካራ ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነም ድምፅ ይውጣል። ሊሾና ሴራሚክ ያለበት አዲስ ቤት ባዶውን ያስተጋባል። እዚያ ከጎማው በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይቅደም። የላላ ቆርቆሮ በቤዝ ሲንቀጠቀጥ መፍትሔው ሚስማር ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ቴፑን ዘግቶ ቡና ማፍላት ነው።

ኮንዶሚኒየምና ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ውስጥ ጎማው በወለሉ በኩል የሚሄደውን ይቀንሳል። በአየር የሚሄደው ቤዝ ግን ጎረቤት መድረሱ አይቀርም። ለእሱ ያለው ድምፅ መቀነስ ነው። ጎረቤት ሐዘን ላይ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ቴፕ አይከፈትም።