«ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ወርዷል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

«ዶክተር፣ ክኒኑን ተውኩት። ራሴን አያመኝም እኮ፤ ግፊቴ ወርዷል።» ፒያሳ ባለው ክሊኒካችን ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አብሮ የመጣውም ዘመድ ራሱን ነቅንቆ ያጸድቃል። ስለዚህ ስለ አንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮችና ስለሚወራባቸው ወሬ አንዴ ልጻፍና ልገላገል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

«ነጭ ሽንኩርት ግፊት ያወርዳል።» ወጥ ያጣፍጣል። የክኒን ምትክ ግን አይሆንም።

«ክኒኑ ኩላሊት ይጨርሳል።» ኩላሊት የሚጨርሰው ያልታከመ ግፊት ነው።

«እኔ ጨው አልበላም።» ገበታ ላይ አልነሰንስም ማለታችሁ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል፣ ወጡ ላይ እንደገና ይጨመራል፣ ዳቦውም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

«ሥሩ ትንሽ ነው፣ ችግሩም ትንሽ ነው።» ደም ሥር ተዘግቶ ከሚመጣው ስትሮክ ከአራቱ አንዱ ገደማ የሚነሣው ከእነዚሁ ከትንንሾቹ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደዚያ «ካላመመኝ ደህና ነኝ» ወደሚባለው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ያረፈ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ስንቅ አይቋጥርም፣ ደም ሳያቋርጥ ሊደርሰው ይገባል። ትልልቆቹ ሥሮች በላዩ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከእነሱ ተነሥተው ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ግን ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆኑ ናቸው። ጤነኛ ሲሆኑ ግፊት ሲጨምር ይጠባሉ፣ ሲቀንስ ይሰፋሉ፣ ሥራ ወደበዛበት ቦታ ደም ይጨምራሉ። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ መስፋት ያቅታቸዋል፤ ያን ጊዜ አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው ነጩ ክፍል ቀስ በቀስ ይጎዳል። አንዱ ጭራሽ ሲዘጋ ከ15 ሚሊሜትር የማይበልጥ ጉድጓድ ይቀራል። ሌላው ሲያፈስ የደም ነጠብጣብ ይተዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። የአንጎል ሥጋ ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም፤ ሐኪሞች አንዳንዱን የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሽተኛው ነቅቶ እያወራቸው የሚሠሩትም በዚሁ የተነሣ ነው። ግፊታቸው ከ140 በ90 በላይ ከሆነ ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ራሳችሁን ያመማችሁ ደግሞ ቡና ስለቀረባችሁ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ በጾም ጠዋት።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉኝ። ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። «አባዬ ዝም ዝም አለብን፣ እርጅና ነው መሰለኝ» አለችኝ። ድሮ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግራቸው ውጥት ይሉ ነበር፤ አሁን እርምጃቸው አጥሯል፣ ጫማቸው መሬቱ ላይ በማስቲሽ የተጣበቀ ይመስላል። የድሮ ተማሪዎቻቸውን እስከ አባት ስም ይጠራሉ። «ጋሼ፣ ወራቱን ከጳጉሜን ጀምረው ወደኋላ ይጥሩልኝ» አልኳቸው። ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ… ቆሙ። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። በመጨረሻ መስከረም ደረሱ፣ አንድም አልሳቱም፤ ግን ልጅቱ ልትነግራቸው ስትል ሁለቴ በዓይኔ አስቁሜያታለሁ።

የዚህ የጥቃቅን ሥሮች በሽታ መልኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መርሳት አይቀድምም። የሚቀድመው የሐሳብ መዘግየት፣ ነገር ማቀድ መቸገር፣ ፍላጎት ማጣት፣ የአረማመድ መለወጥ፣ ሽንት አልያዝ ማለት ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎ «እርጅና» ይለዋል። ግፊታቸው 178 በ96 ነበር። ከፌስታል ካወጡት የአምሎዲፒን (የግፊት መድኃኒት) እሽግ ሁለት ክኒን ብቻ ጎድሏል። ለምን? «ራሴን አያመኝማ!»

የተጎዳው እንደነበረ አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣ ስፕሪንት የተባለ የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች ከተባሉት ይልቅ የነጩ ክፍል ጉዳታቸው በዝግታ እንደጨመረ አሳይቷል። ሁሉም 120 ይግባ ማለቴ አይደለም፣ ሲነሣ የሚያዞረው ሽማግሌ አለ። ቁጥሩን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። በጾም ወራትም ክኒኑን አትዝለሉ፤ ሰዓቱን ማስተካከል እንችላለን።

«ሲቲ ስካን ንጹህ ነው ተብያለሁ።» ሲቲ ከእነዚህ ጥቃቅን ጉዳቶች ብዙውን ያልፈዋል። ኤምአርአይ ነው የሚያወጣው። በተቃራኒው ደግሞ «ኤምአርአይ ላይ ነጭ ነጥብ ታየብኝ፣ አበቃልኝ» ብሎ የሚያለቅስ አለ። አላበቃም! ከ60 ዓመት በኋላ ጥቂት ነጥብ ብዙ ሰው ላይ ይታያል።

«ደሜ እንዲቀጥን አስፒሪን እወስዳለሁ።» ማን አዘዘላችሁ? ስትሮክም የልብ ሕመምም ለሌለበት ሰው ለእነዚህ ሥሮች ብሎ አስፒሪን መዋጥ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ የመድማት አደጋው ግን አለ። ሐኪም አዞላችሁ የምትወስዱ ደግሞ እኔን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ።

«ምች መትቶት ነው።» አፍ በድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሆስፒታል እንጂ ዳማከሴ ፍለጋ አትሩጡ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ግፊት ስትለኩ ደግሞ ዳገቱን ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ ክንድ አትዘርጉ። 5 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጉ፣ እግር አታነባብሩ፣ አታውሩ። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሽንታችሁን ሸንታችሁ ግቡ። ጋቢውንና ሹራቡንም አውልቁ፤ በሹራብ ላይ የተለካ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው እንደገና ነው የምለካው።