«ሊፍት አስገብተናል እኮ!»፦ ስለ ባቡር ጣቢያ ተደራሽነት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሥራዬ የነባር ባቡር ጣቢያዎች የዕድሳት ንድፍ ለአካል ጉዳተኛ መንገደኞች የሚመች መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው። ጉድለት በጠቆምኩ ቁጥር ከጠረጴዛው ማዶ የሚመጣልኝ መልስ «ሊፍት አስገብተናል እኮ!» የሚል ነው። ከመስማቴ ብዛት ሊፍት የሚባለውን ነገር ራሱን ልጠላው ምንም አልቀረኝም፤ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

ሊፍት የሚያቃልለው የመውጣትና የመውረድን ችግር ብቻ ሲሆን፣ መንገደኛው የመጣው ግን ፕላትፎርም (ባቡር የሚጠበቅበት መድረክ) ላይ ሊቀመጥ ሳይሆን ባቡር ሊሳፈር ነው። በፕላትፎርሙ ጠርዝና በባቡሩ ወለል መካከል ያለው ክፍተት የዊልቸሩን ትናንሽ የፊት ጎማዎች የሚውጥ ከሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል። በአሜሪካ ደንብ አዲስ የሜትሮ ባቡር በአዲስ ጣቢያ ሲቆም የጎን ክፍተቱ ከ7.6 ሴንቲሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱም ከ1.6 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ የተደነገገው ለዚህ ነው። በነባር ጣቢያ ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም፤ ፕላትፎርሙ በሐዲድ ኩርባ ላይ ካረፈ ቀጥ ያለው ፉርጎ ከጠርዙ ይርቃል፣ ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር በጥገና ሲጠቀጠቅ ሐዲዱ ከፍ ይላል፣ የባቡሩ ጎማ በአገልግሎት ብዛት ሲሳሳ ደግሞ ወለሉ ዝቅ ይላል። ልኬቱ ከንድፍ ወረቀት ሳይሆን ከቆመ ባቡር ጎን፣ ባቡሩ ባዶ ሆኖም መንገደኛ ሞልቶም ሊወሰድ ይገባል።

አንድ ጊዜ ታድሶ ያለቀ ጣቢያ ለመረከብ ዊልቸር ከምትጠቀም ባልደረባዬ ጋር ሄድኩ። የሊፍቱ በር ላይ ያለው ላስቲክ ገና አልተላጠም ነበር። ባቡሩ ሲደርስ ወለሉ ከፕላትፎርሙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ዊልቸር የሚሻገርበት ተንቀሳቃሽ ተዳፋት መወጣጫ፣ ማለትም ራምፕ፣ የተቀመጠበት ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ምሳ ወጥቷል። ባቡሩ ጥሎን ሄደ፤ ሊፍቱ ግን ያለ እንከን ይሠራ ነበር።

ሊፍት ደግሞ ይበላሻል። ወደ አንድ ፕላትፎርም የሚያደርሰው ሊፍት አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሲቆም ከባቡር የወረደው ሰው እዚያው ታግቶ ይቀራል። ስለዚህ የግዢ ውል ስትፈርሙ የጥገናውንና የመለዋወጫውን ውል አብራችሁ ፈርሙ፤ አማራጭ መንገድ በንድፉ አስገቡ፤ ሊፍቱ መቆሙንም መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያውቅ አድርጉ።

«እንግዲያው ራምፕ ይሠራ» የሚሉም አሉ። በተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት 5 ሜትር ለመውጣት 60 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል፤ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው።

«በጣቢያችን ዊልቸር የሚጠቀም ሰው አይቼ አላውቅም» ለሚለው፦ መግቢያው ላይ ስድስት ደረጃ እያለ በየት በኩል ገብቶ ይታይ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ዊልቸር አይጠቀሙም።

«ሠራተኞቻችን ተሸክመው ያሳፍሯቸዋል» የሚለው መልካም ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ ተደራሽነት ግን አይደለም። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 ትራንስፖርትን ከሌሎች ጋር በእኩልነት መጠቀምን ይጠይቃል። እንደ ጆንያ መነሳት እኩልነት አይባልም።

ዓይነ ስውራን በእግርና በበትር ዳስሰው የሚመሩበት ቢጫው ንጣፍም ጌጥ አይደለም። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በ1965 የፈጠረው ሲሆን፣ በ1967 በኦካያማ ከተማ በአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ረጃጅሞቹ መስመሮች «ሂድ»፣ ክብ ጉብታዎቹ «ተጠንቀቅ» ይላሉ። በላዩ አግዳሚ ወንበር የሚተክል የጣቢያ ኃላፊ፣ በነጭ በትር የሚመራውን ሰው በገዛ እጁ ወደ ወንበሩ እየመራው መሆኑን ይወቅ።

የመጨረሻው «በድምፅ ማጉያ ተናግረናል» የሚለው ነው። ባቡሩ የሚቆምበት ፕላትፎርም በመጨረሻዋ ደቂቃ ተቀይሮ ለውጡ በሰሌዳ ካልተጻፈ፣ መስማት የተሳነው መንገደኛ ባቡሩ ከማዶ ሲነሳ ቆሞ ያያል።