ስለ ጥንት ሞተሮች ብሮንዚን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሮንዚን ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙረት የሚለውጠውን ዘንግ፣ አቅፎ እንዲሽከረከር የሚያስችል የሞተር ክፍል ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ብዙው ልክ አይደለም።

«ጠንካራ ብረት ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይቆይ ነበር።»

ልስላሴው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ብሮንዚኑ የሚለበጥበት፣ አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት እ.ኤ.አ. በ1839 ያስተዋወቀው ነጭ ብረት በዋናነት ቲን ነው፤ ጥቂት አንቲሞኒና መዳብ ይጨመርበታል። ዘይት ውስጥ የገባ ቆሻሻ እዚህ ለስላሳ ብረት ውስጥ ይቀበራል፣ ዘንጉንም አይቧጭረውም። ዘይት ሲያልቅ ደግሞ ብሮንዚኑ በ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ጉዳት ነው፣ ግን ውዱ ክራንክሻፍት ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

«ብረት ከብረት ሲፋተግ ነው የሚያልቀው።»

ይህን ግምት ያፈረሰው ሙከራ በጣም ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ቦሻም ታወር የባቡር አክስል ብሮንዚኖችን ይፈትሽ ነበር። ዘይት ማስገቢያ ብሎ ከላይ ቀዳዳ በሳ። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ በቀዳዳው ገንፍሎ ወጣ። በቡሽ ደፈነው፣ ተገፍቶ ወጣ። በእንጨት ደፈነው፣ እሱም ወጣ። ግፊት መለኪያ ሲገጥምበት በብሮንዚኑ ላይ ካረፈው አማካይ ጫና እጥፍ በላይ አነበበ። ለካ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው! መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 በሒሳብ አብራራው። በደህናው ጊዜ ሁለቱ ብረቶች አይነካኩም። የሚጎዳቸው በተለይ ሞተር ሲነሳና ሲቆም፣ ዘይት ሲያንስ ወይም ሲቆሽሽ ነው።

«የድሮዎቹ በግምት ነበር የሚሠሩት።»

ይህ የሚበድላቸው አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የእንግሊዙ የመኪና ኩባንያ ዳይምለር ሁለት አዳዲስ ሞተሮቹን ለሮያል አውቶሞቢል ክለብ ፈተና አቀረበ። በከባድ ጫና 132 ሰዓት ሠሩ። ከዚያ መኪና ላይ ተገጥመው በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነዱ፣ ተመልሰውም በድጋሚ ተፈተሹ። ሲፈቱ በሚነካኩት ገጾች ላይ የሚታይ መበላት አልተገኘም። የፈተናው ዋና ጉዳይ የሞተሮቹ አዲስ የቫልቭ አሠራር ቢሆንም ብሮንዚኖቹም ያንን ሁሉ ችለዋል።

«ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ይጠነክራል።»

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክም ይሳሳታል። በእያንዳንዱ የፒስተን ምት ነጭ ብረቱ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ይደክምና ይሰነጠቃል፣ ቁርጥራጩም ይረግፋል። ከሥሩ ጠንካራ ብረት ያለው ስስ ሽፋን ግን ድካሙን በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ የሞተር ኃይል ሲጨምር፣ በቦታው ቀልጦ የሚፈሰው ወፍራም ነጭ ብረት ቀርቶ ስስ ሽፋን ያላቸው ተለዋጭ ብሮንዚኖች ተተኩ። ጫናው ሲከብድ ደግሞ መዳብና እርሳስ የተቀላቀለበት ሽፋን መጣ።