ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ ጥቅሙና ዋጋው

ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ በሐኪሞች አጠራር ባሪያትሪክ ቀዶ ጥገና፣ የጨጓራን መጠን በማሳነስ ወይም ምግብ በአንጀት የሚያልፍበትን መንገድ በመቀየር ከመጠን ያለፈ ውፍረትንና ከእርሱ ጋር የሚመጡ በሽታዎችን ለማከም የሚሠራ ሕክምና ነው። ከቆዳ ሥር ያለ ስብን በመምጠጥ ቅርጽ ከሚያስተካክለው የውበት ቀዶ ጥገና ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ ሁለቱ ግን በዓላማም በውጤትም አይገናኙም። የሆድ ስብ ቢመጠጥ የስኳር በሽታው ባለበት ይቀጥላል። በዚህኛው ግን ምላጩ የሚያርፈው ሕመም በሌለበት ጨጓራ ላይ ሲሆን፣ የሚጠበቀው ውጤት የሚታየው በደም ስኳር፣ በደም ግፊት፣ በልብና በጉልበት ላይ ነው። ደኅና የሆነን የአካል ክፍል ቆርጦ ሌላ በሽታ ማከም በሕክምና ብዙም የተለመደ ስላልሆነ፣ የጥቅሙና የጉዳቱ ሚዛን ጠበቅ ያለ ጥያቄ ማስነሳቱ አያስገርምም።

ታካሚም ቤተሰብም አብዝቶ የሚፈራው ከማደንዘዣው ሳይነቁ መቅረትን ነው። የተከማቸው ማስረጃ የሚያሳየው ግን ያ ፍርሃት ከአደጋዎቹ ሁሉ አነስተኛው ላይ ማረፉን ነው። ትልቁ ዋጋ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ዕድሜ ልክ በክትትል፣ በቪታሚንና በአመጋገብ ጥንቃቄ የሚከፈለው ነው።

የሕክምናው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ የተጀመረው የመጀመሪያው ዘዴ ጨጓራን ሳይነካ አብዛኛውን ቀጭን አንጀት ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ነበር። ታካሚዎቹ ከሱ፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጉበት ድካም፣ የኩላሊት ጠጠርና የማያቋርጥ ተቅማጥ ስለተከተሉ ብዙዎቹ አንጀታቸው ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና አስፈለጋቸው፤ ዘዴውም ተተወ። በ1966 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን፣ በቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ከፊል የተቆረጠ ሴቶች በቀላሉ እንደማይወፍሩ ከመታዘብ ተነሥቶ ጋስትሪክ ባይፓስ የተባለውን ቀዶ ጥገና ሠራ። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሥራው ሆድን በረጅሙ በመክፈት ይከናወን ነበር። በ1994 የመጀመሪያዎቹ ባይፓሶች በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች ተሠርተው ከታተሙ በኋላ አደጋውም የማገገሚያው ጊዜም በእጅጉ አጠረ።

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። በጋስትሪክ ስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ቀጠን ብሎ የረዘመ ቱቦ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ፣ ታካሚው ትንሽ የሚበላው ቦታ ስለጠበበው ብቻ ሳይሆን የምግብ ፍላጎቱም ስለሚቀንስ ነው። የወጣው ጨጓራ አይመለስም። በባይፓስ ደግሞ የጨጓራው ጫፍ ተለይቶ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ ከግማሽ ሲኒ ቡና የማትበልጥ ከረጢት ይሆናል፤ ቀጭኑ አንጀትም ተቆርጦ ከእርሷ ጋር ይሰፋል። ቀሪው ጨጓራ በሆድ ውስጥ ይቆያል እንጂ ምግብ አያልፍበትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገናና የነበረው ጨጓራን የሚያንቀው የሲሊኮን ቀለበት በብዙዎች ላይ ውጤቱ ደካማ ሆኖ፣ እየተንሸራተተም ስላስቸገረ አሁን እምብዛም አይሠራም።

ለማን ይገባል የሚለው የሚለካው በቁመትና በክብደት ምጣኔ ነው፤ ይኸውም ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ለሠላሳ ዓመታት የሠራው የ1991 የአሜሪካ መመሪያ ምጣኔው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ሰው እንዲታሰብለት ይፈቅድ ነበር። ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው 40 ላይ የሚደርሰው ክብደቱ 109 ኪሎ ገደማ ሲሆን ነው። በ2022 የሙያ ማኅበራቱ መሥፈርቱን ዝቅ በማድረግ፣ ምጣኔው 35 ለደረሰ ሰው ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም እንዲመከር፣ የስኳር በሽታ ካለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ አድርገዋል። በኔ ዕይታ ቁጥሩ በር ከፋች እንጂ ፈራጅ አይደለም፤ 36 ላይ ሆኖ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ 41 ላይ ሆኖ ምንም በሽታ ከሌለበት ሰው ይልቅ ከቀዶ ጥገናው ብዙ ያተርፋል።

ጥቅሙን በረጅም ዘመን ከመዘኑት ጥናቶች ሁሉ የሚጠቀሰው በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ነው። 2,010 ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ከ2,037 በተለመደው ሕክምና ከቆዩ ሰዎች ጋር ለአሥርት ዓመታት ተነጻጽረዋል። በ2007 የታተመው ውጤት፣ ዕድሜና ሌሎች ልዩነቶች ከታሰቡ በኋላ፣ በቀዶ ጥገናው ቡድን የመሞት ዕድል በ29 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በ2020 በወጣው ዘገባ ደግሞ የታከሙት ሰዎች ካልታከሙት 3 ዓመት ገደማ ረዘም ያለ የዕድሜ ተስፋ ሲኖራቸው፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን አሁንም 5.5 ዓመት ያህል ያንሳሉ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በማስታወቂያ ላይ አይታይም። ቀዶ ጥገናው የጎደለውን ሁሉ አይመልስም፤ ከጉድለቱ የተወሰነውን ይሞላል እንጂ።

ለዚህ ጥናት ሁለት ማስጠንቀቂያ መጨመር ተገቢ ነው። በ1980ዎቹ ቀዶ ጥገናው እንደ አደገኛ ይቆጠር ስለነበር ተሳታፊዎች በዕጣ አልተመደቡም፤ ራሳቸው መርጠው ነው የገቡት። በተጨማሪም አብዛኞቹ የተሠራላቸው ዛሬ በተተወ ዘዴ ነው፤ ባይፓስ ያገኙት 265 ብቻ ናቸው። የክብደቱም ቅነሳ ይህንኑ ልዩነት ያሳያል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ባይፓስ የተሠራላቸው ከቀድሞ ክብደታቸው 25 በመቶ ያህል ቀንሰው ሲገኙ፣ ቀለበት የገባላቸው ግን 14 በመቶ ብቻ ነበር የቀነሱት።

የስኳር በሽታ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ አስደናቂም አስተማሪም ነው። በስዊድኑ ጥናት ቀደም ሲል ስኳር ከነበረባቸው መካከል በ2ኛው ዓመት 72 በመቶዎቹ በሽታው ለቋቸው ነበር፤ በ10ኛው ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ «ስኳር ድኗል» ከማለት «ጋብ ብሏል» ማለቱ ይሻላል። ታካሚዎች በዕጣ በተመደቡበት የክሊቭላንድ ክሊኒክ ጥናት፣ 150 ሰዎች ተሳትፈው ከ5 ዓመት በኋላ የደም ስኳራቸው ወደሚፈለገው ደረጃ የወረደላቸው ባይፓስ ካገኙት 29 በመቶ፣ ስሊቭ ካገኙት 23 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 5 በመቶ ሆኑ። በሽታው ከጀመረ ብዙ ዓመት ያልሞላውና ኢንሱሊን ያልጀመረ ሰው ይበልጥ ይጠቀማል፤ ቆሽቱ የደከመበት ሰው ጥቅሙ ያንስበታል። የደም ግፊት፣ የጉበት ስብና የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥም በአብዛኛው ይሻሻላሉ።

በሚዛኑ ሌላኛው ወገን መጀመሪያ የሚቀመጠው የቅርብ ጊዜው አደጋ ነው። በአሜሪካ 4,776 ታካሚዎችን በተከታተለና በ2009 በወጣ ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ከባድ ችግር የገጠማቸው ደግሞ 4.3 በመቶ ነበሩ። ከእነዚህ ችግሮች አስጊ የሆኑት የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱ፣ የደም መፍሰስ፣ እንዲሁም በእግር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ናቸው። ከቤት ከገቡ በኋላ ልብ ያለ ምክንያት በፍጥነት ሲመታ፣ ትኩሳት ወይም ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ሲኖር ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል፤ እነዚህ የማፍሰስ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉና።

የኋለኛው ዘመን ችግር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ቪታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ በበቂ ስለማይገኙ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ የታዘዘውን እንክብል ያቋረጠ ሰው የደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የአጥንት መሳሳት ሊገጥመው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አዘውትሮ የሚያስመልሰው ሰው ቪታሚን ቢ1 ሲያልቅበት የአንጎል ጉዳት ሊደርስበት ስለሚችል፣ «ቀዶ ጥገናው ነው፣ ይለምደኛል» ብሎ ቤት መቀመጡ አደገኛ ነው። በፍጥነት የሚከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊያበጅ ይችላል። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል፤ ቀድሞውኑ ብርቱ ቃር ያለበት ሰው ባይፓስን ቢመርጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ባይፓስ በበኩሉ ስኳር የበዛበት ነገር ሲበላ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን የሚያስከትለውን ዳምፒንግ የተባለውን ሁኔታ፣ በስፌቱ ላይ የሚወጣ ቁስለትን፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን አንጀት በውስጥ ክፍተት ተሰንቅሮ የሚታነቅበትን ድንገተኛ ችግር ሊያመጣ ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ከባይፓስ በኋላ የሚከለከሉት፣ ሲጋራም የሚወገዘው በዚህ ቁስለት ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ጨጓራን የሚያቆስለው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በስፋት ስለሚገኝ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት መመርመርና መታከም ለእኛ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ከባይፓስ በኋላ የተገለለውን ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ማየት አይቻልምና፣ ቀድሞ ያልታየ ነገር እዚያ ተደብቆ ይቀራል።

የማዕዱም ነገር እንዲሁ አይታለፍም። ታካሚዎች በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ይመከራል። በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲወገዱ ይህን መሙላት ከባድ ነው፤ ደረቅ የሽንብራ ዱቄት በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው፣ በሽሮ ብቻ 60 ግራም ለማግኘት በቀን 300 ግራም ዱቄት መብላት ያስፈልጋል፤ አዲሷ ጨጓራ ግን ይህን አትችልም። በረመዳን ደግሞ ችግሩ ውኃ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት ስለማይቻል ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ ግድ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ጉዳዩን ከሐኪሙ ባሻገር ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር መምከር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ጉርሻ እንቢ ማለት በሚያስቀይምበት ማዕድ ላይ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ጠጥራ የምትቆምበት ሰው ለዘመዶቹ አስቀድሞ ቢያስረዳ ይሻለዋል። በወራት ውስጥ 30 ኪሎ የቀነሰን ሰው «ምን ነካህ? አሞህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንጂ እንኳን ደስ አለህ የሚል በኛ ሰፈር ብዙ አይገኝም።

ለሴቶች ሌላም ጉዳይ አለ። ክብደቱ ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ነገር ግን ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል፤ በዚያ ወቅት ሰውነት ራሱን የሚመግበው እንኳ በጭንቅ ነው። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ አስተማማኝ ስለማይሆን ሌላ ዘዴ ይመረጣል።

የአእምሮ ጤና ጉዳይ ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለት ነው። በአሜሪካ ዩታ 7,925 ባይፓስ የተሠራላቸውን ሰዎች ከተመሳሳይ ሰዎች ጋር ያነጻጸረው የ2007 ጥናት፣ ከስኳር በሽታ የሚመጣ ሞት በ92 በመቶ፣ አጠቃላይ ሞት በ40 በመቶ መቀነሱን ሲያሳይ፣ በአደጋና ራስን በማጥፋት የሚመጣ ሞት ግን በ58 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አልኮልም ከባይፓስ በኋላ ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ስለሆነ፣ በፊት ሁለት ብርሌ ጠጅ የማይነካው ሰው በግማሹ ሊሰክር ይችላል፤ የአልኮል ሱስም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጭማሪ ያሳያል። ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረገው የሥነ ልቦና ምርመራ ለወጉ ያህል የሚታለፍ መሆን የለበትም።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የመጡት ሳምንታዊ መርፌዎች ሚዛኑን ለውጠዋል። ሴማግሉታይድ በአማካይ 15 በመቶ፣ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን 21 በመቶ ገደማ ክብደት እንዲቀንስ አድርገዋል፤ ይህ ወደ ቀዶ ጥገናው ውጤት የተጠጋ ነው። ሴማግሉታይድ ሲቆም ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረደው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። አንድ ጊዜ ተከፍሎለት የሚያበቃ ቀዶ ጥገናና በየወሩ የሚገዛ መርፌ፣ ገንዘቡን ከኪሱ ለሚከፍል ሰው እኩል ምርጫ አይደሉም፤ ነገር ግን ክትትሉና ቪታሚኑ ከተቆጠሩ ቀዶ ጥገናውም በእውነት አንድ ጊዜ ተከፍሎ አያበቃም።

ይህ ሒሳብ በተለይ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር በሚሄዱ ሰዎች ላይ ይጎላል። በጥቅል ዋጋ ቀዶ ጥገናና ሆቴል የሚሸጡ ተቋማት በሽተኛውን በሳምንት ውስጥ ይመልሳሉ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2019 መጀመሪያ በሜክሲኮ ቲሁዋና ቀዶ ጥገና ባደረጉና አብዛኞቹ ክብደት ለመቀነስ በሄዱ ሰዎች ላይ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ መታየቱን አስጠንቅቋል። ተመላሹ ሰው ከሻንጣው ይልቅ ሊጠብቀው የሚገባው የቀዶ ጥገናውን ሙሉ ዘገባ ነው፤ የተሠራው ስሊቭ ይሁን ባይፓስ፣ አንጀቱ በምን ያህል ርዝመት እንደተሰፋ፣ አንጀት ሊሰነቀርባቸው የሚችሉት የውስጥ ክፍተቶች ተዘግተው እንደሆነ የሚገልጸውን። ከሦስት ዓመት በኋላ በእኩለ ሌሊት በሆድ ቁርጠት ድንገተኛ ክፍል የሚቀበለው ሐኪም፣ ያ ወረቀት ከሌለ፣ የታነቀ አንጀትን እንደ ተራ የጨጓራ ሕመም አይቶ ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል።