መሠዊያው ከመሠረቱ በፊት

በጃፓን ናጋሳኪ፣ ኡራካሚ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ማማ ያለው የካቶሊክ ካቴድራል አለ። ሕንፃው በኮንክሪት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ «ከአመድ ተነሣ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ለእኛ ትምህርት ያለው ግን በአመዱና በኮንክሪቱ መካከል ባሉት ዓመታት ነው።

የኡራካሚ ምእመናን አባቶች ክርስትና በተከለከለበት ዘመን ያለ ካህን፣ ከ200 ዓመት በላይ በስውር እምነታቸውን ጠብቀዋል። ባለ ሥልጣናቱ የጌታን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግራቸው እንዲረግጡ ያስገድዷቸው ነበር። ኋላም ከ3,000 በላይ የሚሆኑት ተግዘው እስከ እ.ኤ.አ. 1873 በስደት ኖሩ። ሲመለሱ ያ ምስል የሚረገጥበትን የመንደሩን ሹም ግቢ ገዙና እዚያው ላይ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1914 በጡብ ገነቡት።

የአቶሚክ ቦምቡ የወደቀው ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ፍልሰታን ከጀመርን በሦስተኛው ቀን። እነርሱም ለዚያው ለእመቤታችን በዓል እየተዘጋጁ ነበር፤ ካህናቱ ኑዛዜ ይሰሙ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍንዳታው 500 ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። በውስጡ የነበሩት በሙሉ ሞቱ፤ ከቁምስናው 12,000 ያህል ምእመናንም 8,500 ገደማ አለቁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሚስቱን በቦምቡ ያጣው ሐኪም ታካሺ ናጋይ በሙታን መታሰቢያ ቅዳሴ ላይ ሲናገር፣ ኡራካሚ እንደ ንጹሕ በግ ለመሥዋዕት ተመረጠች አለ። በዚህ የተጽናኑ ነበሩ፤ የመረራቸውም ነበሩ። የናጋይን እምነት አከብራለሁ፤ ይህን ንግግሩን ግን ተከትዬ አላስተምርም። እ.ኤ.አ. በ1981 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሂሮሺማ ላይ ቆመው «ጦርነት የሰው ሥራ ነው» ሲሉ ብዙ ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች ሸክም እንደወረደላቸው ተናግረዋል። ሰው ያደረሰውን እሳት እግዚአብሔር ላከው ብለን ሐዘንተኛን ልናጽናና አይገባንም።

ታዲያ የእግዚአብሔር እጅ የት ነበር? መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3ን ተመልከቱ። ከባቢሎን የተመለሱት መጀመሪያ ያቆሙት መሠዊያውን ነው። መሥዋዕት ማቅረብ ሲጀምሩ የመቅደሱ መሠረት ገና አልተጣለም ነበር። በኡራካሚም እንዲሁ ሆነ። የተረፉት ከፍርስራሹ ሥር አንዱን ደወል ቆፍረው አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የልደት ዋዜማ ደወሉት። ግድግዳ አልነበራቸውም፣ ጣሪያም አልነበራቸውም። በቀጣዩ ዓመት ከእንጨት ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ኮንክሪቱ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

መልሶ መገንባቱም ያለ ክርክር አላለፈም። ከከተማው ሰዎች ብዙዎቹ ፍርስራሹ ለትውልድ ምስክር ሆኖ እንዲቆይ ፈለጉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በበኩሏ አባቶች ምስሉን እንዲረግጡ በተገደዱበት በዚያው መሬት ላይ መሥራት አለብን አለች። በመጨረሻ ፍርስራሹ ተነሣ፤ ከግድግዳው የተወሰነው ቦምቡ ወደ ፈነዳበት ስፍራ ተወስዶ ቆመ። ለእኔ የሁለቱም ወገን ጥያቄ ጻድቅ ነው። ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤት ያስፈልጋል፤ የሆነውን የሚያስታውስ ድንጋይም ያስፈልጋል። ያ ክርክር እምነት ከጎደላቸው ሰዎች የመጣ አይምሰለን፤ በኢየሩሳሌምም የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች መሠረቱ ሲጣል በታላቅ ድምፅ አልቅሰዋል።

በእኛም መካከል በጦርነት ቤተ ክርስቲያኑ የተጎዳበት፣ ዘመዱን የቀበረ ሰው አለ። «ሕንፃው ታድሷል፤ እንግዲህ ደስ ይበልህ» አንበለው። ዕዝራ ልቅሶውን ዝም አላሰኘም፤ እልልታውንም አልከለከለም፤ ሕዝቡ አንዱን ከሌላው መለየት እንዳልቻለ ጽፎልናል። በዚህ ፍልሰታ ምዕራፉን ስታነቡ እልልታው በሚሰማበት በቁጥር 11 ላይ አታቁሙ፤ እስከ 13 ድረስ አንብቡት።