የስኳር በሽታ መከላከያ መርሐ ግብር ምንድን ነው?

«ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ክብደት ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ» ይላል ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ። ታካሚውም «እሺ» ብሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያበቃው እዚያው ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ እንዴት እንደሚፈጸም ግን የሚያሳይ የለም። የስኳር በሽታ መከላከያ መርሐ ግብር የሚባለው ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ የአንድ ዓመት የቡድን ሥልጠና ነው።

የሚሰጠው በሽታው ገና ላልያዛቸው፣ ነገር ግን ጫፉ ላይ ለደረሱ ሰዎች ነው። በአሜሪካ መለኪያ፣ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም ከሆነ «ቅድመ ስኳር» ይባላል። ሕመም የለው፣ ምልክት የለው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው እንዳለበት እንኳን አያውቅም። በዚህ ጊዜ ጡንቻና ጉበት ኢንሱሊን ለተባለው፣ ከቆሽት ለሚመነጨውና የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ንጥረ ነገር መታዘዝ ቀንሰዋል። ቆሽት ጉድለቱን ለማካካስ አብዝቶ ያመነጫል፤ አቅሙ ሲያልቅ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይመጣል። በሆድ ዕቃና በጉበት ላይ የተከማቸ ስብ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ሲቀንስ ደግሞ የቆሽት ሸክም ይቀላል።

ይህ በመላ ምት የተነገረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ27 የሕክምና ማዕከላት 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፤ ሌላው የሰውነቱን ክብደት 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በሽታው የመያዝ ዕድሉ በመድኃኒቱ 31 በመቶ፣ በአኗኗር ለውጡ 58 በመቶ ቀነሰ። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ 71 በመቶ ደረሰ። «ካረጁ በኋላ ምን ዋጋ አለው?» ለሚሉ ሽማግሌዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ልብ በሉ፣ 7 በመቶ ማለት 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስድስት ኪሎ ከምናምን ነው። ማንም ሸንቃጣ ሁን አላለውም።

ችግሩ ወጪው ነበር። በጥናቱ ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ የራሱ አሠልጣኝ ስለነበረው፣ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ በአንድ ሰው 1,400 ዶላር ገደማ ፈጀ። የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ተመራማሪዎች ያንኑ ትምህርት ወስደው በእኛ ዘንድ ወወክማ ተብሎ ወደሚታወቀው ማኅበር ስፖርት ቤቶች አወረዱት፤ በቡድን፣ በማኅበሩ ሠራተኞች አሠልጣኝነት። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ አነስተኛ ሙከራ፣ ሠልጣኞቹ በስድስት ወር ውስጥ 6 በመቶ፣ ምክር ብቻ ያገኙት ደግሞ 2 በመቶ ክብደት ቀነሱ። እኔ ከመጀመሪያው ጥናት ይልቅ የምደነቀው በዚህኛው ነው፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው በሠፈር አዳራሽ ሊሠራው እንደሚችል ያሳየው እሱ ነውና። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2010 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ መርሐ ግብር እንዲሆን ፈቀደ፤ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ደግሞ መስፈርቱን ለሚያሟሉ አባላቱ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከፍላል።

ስብሰባው በሚዛን ይጀምራል። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ይመዘናል፤ ሳምንቱን ሙሉ የበላውንና የተራመደበትን ደቂቃ የጻፈበትን ደብተር ያሳያል። በመጀመሪያው ስድስት ወር ቢያንስ 16 ጊዜ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ በወር አንዴ። ደብተሩ የሚያሰለች ቢሆንም ሰውን ከራሱ ጋር የሚያፋጥጠው እሱ ነው። በመጀመሪያው ጥናት ከ80 እስከ 99 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው የተፈቀደው የቀን ቅባት 42 ግራም ነበር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ይይዛል። ለአንድ ሰው በሚሠራ የጾም ሽሮ ላይ ሦስት ማንኪያ ዘይት ካረፈ የቀኑ ድርሻ በምሳ አለቀ ማለት ነው። «ጾም ነው፣ ቀላል ምግብ ነው» የሚለው አባባላችን በደብተሩ ፊት አይቆምም።

መርሐ ግብሩ ጉድለት የለውም አይባልም። መንገድ ላይ የሚያቋርጠው ብዙ ነው፤ የቀነሰውን ኪሎ መልሶ የሚጨምረውም እንዲሁ። በመጀመሪያው ጥናት የአኗኗር ለውጡ በሽታው የመያዝ ዕድልን በ58 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቅናሹ ወደ 34 በመቶ ወርዷል።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ አኗኗራቸው ሲለወጥ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጣም ጨመረ። እዚያ ጤና ብሪኡት የተባለ ድርጅት ማኅበረሰቡን በራሱ ቋንቋና ባህል ያስተምራል። በአሜሪካ የመርሐ ግብሩ መደበኛ መማሪያ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። አሠልጣኙ የሕክምና ባለሙያ እንዲሆን ግን አይጠየቅም፤ ሥልጠናውን የወሰደች አማርኛ ተናጋሪ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሚዛኗን ዘርግታ እናቶችን ብታስተባብር የሚከለክላት ደንብ የለም።